ያልተላጠ መዳፍ

ከሙጃ፣ ሐምሌ 6 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለውባንተ ታረቀኝ፣ ኮምቦልቻ

ደብዳቤህን ነጅሚያ ቅዳሜ ገበያ ላይ ከጨው ጆንያዋ ውስጥ አውጥታ ሰጠችኝ። ስልኩ ከተዘጋ ወዲህ እሷ እየተመላለሰች ባትነግድ ኖሮ ማን ሞተ ማን ዳነ አንባባልም ነበር። ሰላምታህ ደርሶኛል። የኔን ግን ለጊዜው አቆይቼዋለሁ። የምጠይቅህ ነገር አለኝ፤ መልሱን ሳገኝ ሰላምታዬ ይከተላል።

የሰውአገኝን አርባ ሰኔ 18 ቀን አወጣን። ቅዳሴውን እኔው ገባሁ። አባት ለልጁ ሲቀድስ ድምፁ አይጸናም ሲሉኝ ነበር፤ ጸና። የተሰበርኩት ቤቴ ገብቼ ጫማውን በሩ ሥር ሳየው ነው።

ይቅርታ የሚለውን ቃል ሦስት ቦታ ጽፈሃል። ስለምን እንደሆነ ግን አንድም ቦታ የለም። ስለዚህ እኔ የማውቀውን ልንገርህ፤ የጎደለውን አንተ ሙላው።

ግንቦት 9 ቀን ጠዋት አንተና ልጄ ከልሙጡ ገደል አናት ዋሻ ውስጥ ላሉት ለአባ ገብረ ሊባኖስ የክረምት እህል ልታደርሱ ወጣችሁ። ልሙጡን ታውቀዋለህ። ገደል ሊወጡ የመጡት ፈረንጆች ግራናይት ነው ብለው የተደሰቱበት፣ ከጦርነቱ በፊት ብረት እየመቱ መንገድ ያበጁለት ነው። እኛ ግን ከቅድመ አያቴ ጀምሮ በበሬ ቆዳ ጠፍር ስንወጣው ኖረናል። በአንድ ገመድ ቁመት አይዘለቅም፤ አምስት ማረፊያ አለው። ሦስተኛው ላይ አንተ ቆመህ ገመዱን ያዝክ፣ እሱ ቀደመ። እግሩ ከዳው። መንሸራተት እዚያ ያለ ነገር ነው። እኔም በጊዜዬ ስንት ጊዜ ተንሸራትቻለሁ፤ ገመድ ያዥ ስለነበረኝ ነው ዛሬ የምጽፍልህ። ልጄ ግን በአጠገብህ አልፎ ሁለተኛው ማረፊያ ላይ ወደቀ።

በኛ ዘንድ ሰው ሲወድቅ፣ ሬሳው ሳይገነዝ፣ ገመድ ያዡ መዳፉን ለቤተሰቡ ይዘረጋል። የተላጠ ከሆነ ይዞ ነበር፣ አቅም አጥቶ ነው ይባልና ከቤተሰቡ ጋር ተቀምጦ ያለቅሳል። አንተም ዘረጋህ። ልጄ ምሥራቅ እጅህን ይዛ ገልብጣ አየችው። አንድ ጭረት አልነበረበትም። ሰዉ ምን እንዳለህ አልደግመውም፤ በዚያው ቀን አገር ለቀህ ሄድክ።

ሃምሳ ዓመት ገመድ ይዣለሁ። ሰው የወደቀበት ገመድ መዳፍ ሳይልጥ አያልፍም። ያንተ ለምን አልተላጠም?

ቄስ እንዳለው


ከኮምቦልቻ፣ ነሐሴ 21 ቀን 2016 ዓ.ም.

ይድረስ ለአባቴ ለመምሬ እንዳለው

ጉልበትዎን እስማለሁ። ሰላምታዎን በማቆየትዎ አልተቀየምኩም፤ በእርስዎ ቦታ ብሆን ደብዳቤውንም አልከፍተውም ነበር። እኔ ደህና ነኝ። እዚህ አንድ ወፍጮ ቤት ጆንያ እሸከማለሁ። ከፍ ያለ ቦታ ላይ የሚሠራ ሥራ ሲመጣ እምቢ እላለሁ፤ ባለቤቱ ሰነፍ ነው ይለኛል።

የጠየቁኝን ልመልስ። ቀልቤ እዚያ አልነበረም። ከሦስተኛው ማረፊያ ሆኖ መንደሩ ሁሉ ይታያል፤ እሱን እያየሁ ነበር። ገመዱን ለቀቅ አድርጌ ነው የያዝኩት። ሰውአገኝ ሲጣራ ልጨብጥ ስል አልፏል። ያልጨበጠ እጅ አይላጥም። የምሥራቅም የሌላውም እርግማን ይገባኛል፤ ይግባኝ የለኝም።

አንድ ነገር ልለምንዎ። ፈረንጆቹ ከተዉልን ሁለት ገመዶች ቀዩ እቤትዎ ምሰሶው ላይ ተሰቅሏል። እባክዎ ያቃጥሉት። ወይም በነጅሚያ ይላኩልኝ፣ እኔ አቃጥለዋለሁ። ማንም እንዳይወጣበት። ለምን እንደሆነ አይጠይቁኝ፤ አላምነውም ብቻ ነው የምለው።

የአባ ገብረ ሊባኖስን ጸሎት እሻለሁ። ለእህል የሚሰዱት ሲባጎ እየወረደ ነው?

ልጅዎ ልበል አልበል ያላወቅሁት
ውባንተ


(ያልተላከ)

ከኮምቦልቻ፣ መስከረም 19 ቀን 2017 ዓ.ም.

አባቴ፣

ይህን አልልከውም። የምጽፈው አንድ ቦታ ላይ እውነቱን ካላስቀመጥኩት ራሴም ውሸቴን ማመን ስለጀመርኩ ነው። ትናንት ወፍጮ ቤት አንዱ ጓደኛህ እንዴት ሞተ ብሎ ሲጠይቀኝ፣ መንደር እያየሁ ለቀቅኩት ብዬ ነገርኩት፤ ስናገር የመንደሩ ጢስ ሳይቀር ታየኝ። እኔ መንደር አላየሁም። ዓይኔን ከእግሩ አልነቀልኩም ነበር።

የዚያን ዕለት ጠዋት ብርዱ ጆሮ ይቆርጣል። ሰማያዊውን ገመድ ስንፈታ ግማሹ ደረቅ ብሎ፣ ሰም የተቀባ ይመስል ነበር። ሰውአገኝ ዳሰሰውና "ፈረንጆቹ ለዝናብ የሚቀቡት ነገር ነው፤ ፀሐይ ሲያገኘው ይለዝባል" አለኝ። ለዘበ። ሦስተኛው ማረፊያ ስንደርስ ፀሐይዋ ድንጋዩን አግላው ነበር። እሱ ወጣ፣ ስድስት ሰው ቁመት ያህል ሄደ፣ ተንሸራተተ። እኔ ጨበጥኩ። በሙሉ ኃይሌ ነው የጨበጥኩት አባቴ። ገመዱ መያዣ ብረቱን አልፎ፣ መዳፌን አልፎ፣ ሳይጎትተኝ ሄደ። ውኃ የጨበጥኩ መሰለኝ።

እጄን ሳየው ያብረቀርቃል። አሸተትኩት። ለጋ ቅቤ ነው።

ያኔ ነው የፋሲካ ዕለት ማዕድ ላይ የነገሩት ትዝ ያለኝ። ለሰውአገኝ "ገመድህን እንደ ወጉ ተንከባክቤልሃለሁ" አሉት፤ እሱም ሳቀና እጅዎን ሳመ፤ እንዴት ብሎ የጠየቀ አልነበረም። የሁዳዴ ቅቤ የጠፍሩ ነው። የቤትዎ ላም በጾም የሰጠችው ቅቤ ሰው አይበላውም፤ ጠፍሩ እንዳይሰነጠቅ እርስዎ በእጅዎ እያሹ ያጠጡታል። ልጅ ሆነን አጠገብዎ ተቀምጠን አይተናል። ዘንድሮ ጠፍሩ አርጅቶ ከአገልግሎት ወጣ፤ ቅቤውን ለአዲሱ ገመድ ሰጡት። ቆዳ ቅቤ ይጠጣል። ይህ ገመድ አይጠጣም፤ ላዩ ላይ ያስቀምጠዋል።

ወደ ታች ከመውረዴ በፊት እጄን በአፈር ፈተግኩ። ገመዱን ቆርጬ ገደል ሰደድኩት። መዳፌን ስዘረጋ ንጹሕ እንደሆነ አውቅ ነበር፤ ምን እንደሚሉኝም አውቅ ነበር።

እንዴት ልንገርዎ? አርባ ስምንት ዓመት የቀደሱበት እጅ ነው። ነፍስ አጥፍቻለሁ ብለው ካሰቡ አንድ ቀን እንኳ ቤተ መቅደስ እንደማይገቡ አውቅዎታለሁ። ልጅዎን አጥተዋል፤ ቅዳሴውንም ላሳጣዎ? እኔ ወጣት ነኝ፣ እርግማኑን እሸከመዋለሁ። ሰውአገኝም ቢጠየቅ ይህንኑ የሚለኝ ይመስለኛል። እንቅልፍ ግን አልተኛም።

ቀዩን ገመድ ብቻ ያቃጥሉልኝ።


ከሙጃ፣ ኅዳር 24 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለውባንተ

የክረምቱ ጎርፍ መንገዱን በልቶት ነበርና መልሴ ዘገየ። ሰላምታዬን ዛሬም አልላክሁም፤ አትቸኩል።

መልስህን አራት ጊዜ አነበብኩት። ልቤ አልተቀበለውም። አንተ የሰባት ዓመት ልጅ ሆነህ የኔን ጠፍር ጫፍ ይዘህ ትቆም ነበር፤ ዝንብ ዓይንህ ላይ ብታርፍ አታባርራትም። ያ ልጅ አድጎ ሰው ገመድ ላይ እያለ መንደር ያያል? ግን አንተ ራስህ በእጅህ ጽፈሃል። ሰው ራሱ ላይ እንዲህ ያለ ነገር በውሸት አይጽፍም፤ ስለዚህ ላምንህ እየሞከርኩ ነው።

ቀዩን ገመድ አላቃጥልም። ልጄ የነካው ነገር ቤቴ ውስጥ የቀረው እሱና ጫማው ነው። ገመድ ምን በደለ? የበደልኩት እኔ ነኝ ብለሃል።

የአባ ሲባጎ በየሳምንቱ ሐሙስ ይወርዳል፤ ጥሬና ቆሎ በትንሽ ከረጢት አስረን እንሰዳለን። ከበድ ያለውን መሳብ ግን አልቻሉም፤ ክንዳቸው ደክሟል። ምሥራቅ ስምህን አትጠራም። ባሏ በእውቀቱ ግን ልሙጡን መለማመድ ጀምሯል፤ ከሰውአገኝ የተማረው ጥቂት ነገር አለ።

ብርድ ልብስ አለህ ወይ? ኮምቦልቻ ቆላ ነው ይላሉ፤ ቢሆንም።

ቄስ እንዳለው


ከሙጃ፣ መጋቢት 20 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለውባንተ

በዚህ ጊዜ ከሰላምታ ልጀምር። እንዴት ከረምክ? ጤናህ እንዴት ነው? የተሸከምከው ጆንያ ወገብህን አልጎዳውም? ያቆየሁት ሰላምታ ይኸው፣ የዓመቱን ባንዴ ተቀበለኝ።

ከኅዳር ወዲህ ሁለት ደብዳቤ ልከህ፣ ለሦስተኛ ጊዜ ገመዱን አቃጥሉት ብለህ ጽፈሃል። የሰውአገኝ ነገር አእምሮህን እንደጎዳው ገባኝ። ስለዚህም ነው ይቅር ያልኩህ። ሁዳዴው ሲገባ ለነፍስ አባቴ ነገርኳቸው፤ ቂም ይዤ ታቦት ፊት መቆም እንደማልችል ነገሩኝ። ከበደኝ፣ ዋሽቼ አላውቅምና ከበደኝ እልሃለሁ። ግን አንድ ጠዋት ስነሳ አንተን ሳይሆን ያንን የሰባት ዓመት ልጅ አየሁት። ይቅር ብዬሃለሁ። በእግዚአብሔር ፊት ጽፌልሃለሁና ደብዳቤውን አስቀምጠው።

አሁን የሚያስጨንቀን የአባ ገብረ ሊባኖስ ነገር ነው። ሲባጎው ከወረደ ዘጠኝ ቀን ሆነው። ከሥር ሆነን ብንጣራ መልስ የለም። ወይ ታመዋል፣ ወይ ሲባጎው ተበጥሷል። በእውቀቱ ሆሳዕና ተቀድሶ ሲያበቃ፣ በማግስቱ ሰኞ ይወጣል። ቀድመን እንዳንልከው ገና እጁ አልጠናም፤ ሰኞ ድረስ ይለማመድ ብዬ ነው። ምሥራቅ ናት ገመድ የምትይዝለት።

አንተ ስለማታምነው ቀዩን ገመድ ራሴ አዘጋጅቼዋለሁ። ዘንድሮ ላማችን አልሰሰተችም፤ የጾሙን ቅቤ ሙሉውን አጠጥቼዋለሁ። የሰማያዊው ጊዜ ግማሹ ላይ አለቀብኝና እስከ ዛሬ ይቆጨኛል። አንዳንዴ ተኝቼ ሙሉውን ባዳርሰው ኖሮ ልጄን ይጠብቀው ነበር ይሆን እላለሁ። ለበእውቀቱ ግን ከጫፍ እስከ ጫፍ ነው። ከእንግዲህ አትጨነቅ።

አባትህ
ቄስ እንዳለው


ከኮምቦልቻ፣ ሚያዝያ 1 ቀን 2017 ዓ.ም.

አባቴ፣

ደብዳቤዎ የደረሰኝ ዛሬ ጠዋት ነው። ሰላምታ ለመጻፍ ጊዜ የለኝም።

በእውቀቱ እንዳይወጣ። ገመዱን ቅቤው ያንሸራትተዋል። ይህ ገመድ እንደ ጠፍር አይደለም፤ ቅቤ አይጠጣም፣ ላዩ ላይ ይቀራል፤ ጠዋት በብርድ ይደርቃል፣ ቀን በፀሐይ ይቀልጣል። ምሥራቅ በሁለት እጇ ብትይዘው አይያዝላትም። እኔ በሁለት እጄ ይዤው ነበር።

መንደር አላየሁም። ዋሽቼዎታለሁ። መዳፌ ያልተላጠው ስላልያዝኩ አይደለም።

መስከረም ላይ ጽፌ ያልላክሁት ደብዳቤ አለ፤ ከዚህ ጋር አያይዤዋለሁ። እሱን ብቻዎን ሆነው ያንብቡት። ይህን ግን አሁኑኑ ለበእውቀቱ ያሳዩት።

ራሴ እንዳልመጣ ወልድያ ኬላ ላይ ወታደሮቹ ሁለት ጊዜ መለሱኝ፤ ወንድ አያሳልፉም። ነጅሚያ ዛሬውኑ ትነሳለች። ጭነቷን ሳትጨርስ ነው የምትሄደው፤ ለምን እንደሆነ አልነገርኳትም፣ የሰው ነፍስ ነው ብቻ አልኳት። እንድትደርስ እየጸለይኩ ነው።

ይቅር ያሉኝን መልሰው ይውሰዱት። ከመጀመሪያው ብነግርዎ ኖሮ ቀዩን አይነኩትም ነበር።

ውባንተ


ከሙጃ፣ ሚያዝያ 20 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለውባንተ

ነጅሚያ ደርሳለች። መጀመሪያ ይህን ልንገርህ፣ ጭንቀትህ ይውረድ።

የደረሰችው የሆሳዕና ዕለት ከቅዳሴ ስንወጣ ነው። ከጋሸና ወዲህ መኪና አጥታ ሁለት ቀን በእግሯ መጥታለች፤ እግሯ ቆስሏል። የዘንባባው ቀለበት ጣቴ ላይ እንዳለ ደብዳቤውን ሰጠችኝ። ቤት ገብተሽ እረፊ ብላት "ወላሂ መምሬ፣ አንብባችሁት ሳላይ አልቀመጥም" አለችኝ። እሷ እንደቆመች አነበብኩት። ከዚያ በእውቀቱን ጠርቼ አትወጣም አልኩት። እሱ እህሉን አስሮ ጨርሶ ነበር። ለምን ሲለኝ ወረቀቱን ሰጠሁት። ምሥራቅ ከትከሻው በላይ ሆና አነበበች። ማናቸውም አላዩኝም፤ ሁለቱም ወደ መሬት አዩ።

የመስከረሙን ደብዳቤህን ብቻዬን አነበብኩት፣ እንዳልከው።

ገመዱን ሰኞና ማክሰኞ ወንዝ ወርደን በእንዶድና በአመድ አጠብነው። ረቡዕ ፀሐይ ላይ ዋለ። እኔ ላጥብ ብል ምሥራቅ ከእጄ ወሰደችብኝ፤ በቁጣ አይደለም፣ ቀስ ብላ ነው። ጸሎተ ሐሙስ በእውቀቱ ወጣ፣ እሷ ያዘችለት። ያው ሦስተኛው ማረፊያ ላይ ተንሸራተተ። እኔ ከሥር ቆሜ አየሁት። ቆመ። ያዘችው። ማታ ስትመጣ መዳፏን ዘረጋችልኝ፤ ከጣቷ ሥር እስከ አንጓዋ ተልጧል። እጇን ይዤ አለቀስኩ። ያንተን እጅ በዚያው ዓይን እንዳየሁት ትዝ አለኝ።

አባ ገብረ ሊባኖስ አርፈዋል። ከሞቱ ቆይተዋል ይላል በእውቀቱ፤ ሲባጎው ተጠቅልሎ ከጉልበታቸው አጠገብ ነበር። ቀድመን ብንልክም አንደርስላቸውም ነበር። እዚያው ዋሻቸው ውስጥ ድንጋይ ከልሎላቸው ወረደ።

ለነፍስ አባቴ ሁሉንም ነገርኳቸው። ሳታውቅ ያደረግከው ነው ብለው ንስሐ ሰጡኝ፤ ስትፈጽም ወደ ቅዳሴህ ትመለሳለህ አሉኝ። እሺ አልኳቸው። ግን አልመለስም። ፋሲካን ከቅጥሩ ውጭ ሆኜ አነጋሁት። ለዳግም ትንሣኤ ሰዉ ሲወጣ በሩ ላይ ቆሜ ጠበቅኋቸው። ውባንተ ይዞ ነበር፣ የቀባሁት እኔ ነኝ አልኩ። ከዚያ እንደ ወጉ መዳፌን ዘረጋሁ። ሊያየው የቀረበ ሰው አልነበረም። እንደምታውቀው የኔ መዳፍ ለስላሳ ነው፤ ሃምሳ ዓመት ቅቤ ጠጥቷል።

ስምህ ነጽቷል። መንገዱ ሲከፈት ና። ምሥራቅ ይቅርታ ልትጠይቅህ ትፈልጋለች፣ በደብዳቤዎ እንዳያደርሱት ብላኛለች፣ በአካል ነው የምለው ብላለች። እኔ ግን ስትመጣ ምን እንደምልህ አላውቅም። ስለኔ ብለህ ዋሽተህ ዓመት ሙሉ እርግማን ተሸክመሃል፤ ይህን ያደረገልኝ ሰው በሕይወቴ የለም። በዚያው ውሸትህ ደግሞ የልጄን ባል ልገድለው ነበር። ሁለቱን አንድ ላይ መያዝ አቅቶኛል። ይቅር ያልኩህን ውሰዱት ብለሃል፤ አልወስደውም። የኔን ይቅርታ ግን ከማን ልጠይቅ?

አንድ ነገር ልጻፍልህና ላብቃ። ለማንም አልተናገርኩትም።

ሰውአገኝን የገነዝኩት እኔ ነኝ። ያን ዕለት ገመዱን ወደ ላይ ሲስብ የነበረው እሱ መሆኑን አሁን ነው ያሰብኩት። እጁን ደረቱ ላይ ከማመሳቀሌ በፊት መዳፉን ሳምኩት። ቅቤ ቅቤ ሸተተኝ። የቤታችን ሽታ ነው፣ ልጄ ቤቱን ይዞ ሄደ ብዬ ደስ አለኝ። በዚያ ሁሉ ሐዘን መካከል ደስ አለኝ ውባንተ። ዓመቱን ሙሉ የያዘኝ ያ ሽታ ነበር፤ ሌሊት ስባንን እሱን እያሰብኩ ነው መልሼ የምተኛው።

አሁን በምን ልተኛ?

እንዳለው